ኤድዋርድ አንግልና የጥርስ ግጥምጥሞሽ

በምሕንድስና ቋንቋ፣ አንዱ መዘውር ሌላውን ይዞ የሚያዞርበት ጉብታ ጥርስ ይባላል። ስሙን የተዋስነው ከገዛ አፋችን ነው። ሁለት ጥርሳም መዘውሮች ሲገናኙ የጥርሶቻቸው ርቀት፣ ቅርጽና ዝንባሌ ካልተዛመደ መዘውሮቹ እንደሚንኳኩ፣ ያለ አግባብ እንደሚሞቁና በመጨረሻም እንደሚበሉ ሁላችንም እናውቃለን። አንዱን መዘውር ለብቻው ነጥሎ አይቶ ደኅና ነው ማለት እንደማይበቃም በሥራ ላይ ተምረናል። ስሙን ያበደረን የሰው ጥርስ ግን በምን ሥርዓት እንደሚገጥምና እንደሚላቀቅ ቆም ብለን የጠየቅን ጥቂቶች ነን።

የጥርስ ሐኪሞችም ቢሆኑ ይህን ጥያቄ በሚገባ ማንሣት የጀመሩት ከብዙ ዘመን በፊት አይደለም። በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ የጥርስ ሕክምና በአመዛኙ የተቦረቦረውን ጥርስ መሙላት፣ የማይሞላውን መንቀልና በተነቀለው ፋንታ ሰው ሠራሽ ጥርስ መተካት ነበር። ጥርስን አንድ በአንድ ከማየት ይልቅ የላይኛውንና የታችኛውን ረድፍ እንደ አንድ የተሟላ መሣሪያ አድርጎ ማየትን የሙያው መሠረት ካደረጉት ሰዎች መካከል ግንባር ቀደሙ አሜሪካዊው ኤድዋርድ ሃርትሊ አንግል ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የዚህን ሰው የሕይወት ታሪክ በአጭሩ ማቅረብ፣ ታሪኩንም ተከትሎ የመንጋጋን እንቅስቃሴና የጥርስን ግጥምጥሞሽ መሠረታዊ ሐሳብ ለማኅበራችን አባላት ማስረዳት ነው። አንግል ለሙያው አንድ መለኪያ ሰጠ፤ ቀሪ ዕድሜውንም ያንኑ መለኪያ ሲጠብቅ ኖረ፤ መለኪያው የማይደርስበት ነገር መኖሩን ግን ሳይቀበል ሞተ። መለኪያ ማውጣትና በመለኪያ መሥራት የዕለት ተግባራችን ለሆነው ለእኛ፣ ታሪኩ ከጥርስ ሕክምና ያለፈ ትርጉም ያለው ይመስለኛል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነቱና ትምህርቱ

አንግል የተወለደው ጁን 1 ቀን 1855 በፔንስልቬንያ ግዛት፣ ሔሪክ በምትባል የገጠር መንደር ነው። ወላጆቹ በእርሻ የሚተዳደሩ ሲሆኑ እርሱ ከሰባት ልጆች አምስተኛው ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ ከእርሻው ሥራ ይልቅ ወደ እጅ ሙያ ያደላ ስለ ነበር፣ በመሣሪያ መሥራትና የተሰበረ ነገር መጠገን ይወድ እንደ ነበረ ይነገርለታል። ይህን ዝንባሌውን የተመለከቱት እናቱ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሆነው በአካባቢው ከሚገኝ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ገብቶ ሙያውን እንዲለማመድ አደረጉ። በዚያ ዘመን የጥርስ ሕክምና አብዛኛውን ጊዜ የሚለመደው እንደ አንጥረኝነት ከባለሙያ እግር ሥር ተቀምጦ ነበር። አንግል ግን በዚህ ሳይወሰን ወደ ፊላዴልፊያ ሄዶ በፔንስልቬንያ የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ ከተማረ በኋላ በ1878 ተመረቀ።

የመጀመሪያ ሥራውን የጀመረው ቶዋንዳ በምትባል የዚያው ግዛት ከተማ ነበር። ይሁን እንጂ የደረት ሕመም ስለ ጸናበት አየር ለመለወጥ ወደ ምዕራብ ተጓዘና ሚኒያፖሊስ ከተማ ደረሰ። ከዚያም የጥርስ ሕክምናን ለጊዜው ትቶ በሞንታና ምድር በግ ለማርባት ሞከረ። ከባድ የበረዶ ወራት መጥቶ መንጋውን ስለ ፈጀበት ባዶ እጁን ወደ ሚኒያፖሊስ ተመለሰና የቀድሞ ሙያውን እንደ ገና ያዘ። በኋላም የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ በጥርስ ሕክምና ክፍሉ መምህር አድርጎ ቀጠረው። በዚያን ጊዜ ሐሳቡን ሁሉ የሳበው አንድ ጉዳይ ነበር፤ እርሱም የተዛነፉ ጥርሶችን ወደ ትክክለኛ ቦታቸው የመመለስ ሥራ ነው።

ጥርስ በአጥንት ውስጥ እንደ ምስማር ተመትቶ የገባ ሳይሆን በሥሩ ዙሪያ ባሉ ቀጫጭን ጅማቶች ተንጠልጥሎ የሚኖር ነው። ለረጅም ጊዜ በመጠኑ ቢገፋ፣ በሚገፋበት በኩል ያለው አጥንት ቀስ በቀስ እየሟሟ፣ በተወው በኩል ደግሞ አዲስ አጥንት እየተተካ ጥርሱ ቦታውን ይለውጣል። ሐኪሞች ጥርስ እንደሚገፋ አስቀድመው ያውቁ ነበር። ችግሩ ግን እያንዳንዱ ሐኪም ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ አዲስ መሣሪያ ከራሱ እየፈለሰፈ መሥራቱ ነበር። የአንዱ ልምድ ለሌላው አይተላለፍም፤ የሠመረውና ያልሠመረው ሥራ አይነጻጸርም ነበር።

አንግል በዚህ ቦታ ያደረገው ነገር በመሠረቱ የመሐንዲስ ሥራ ነው። የተለያዩትን መሣሪያዎች በጥቂት መደበኛ ክፍሎች ተካቸው፤ ቀለበት፣ ቱቦ፣ ሽቦ፣ ብሎንና ዳዶ አስቀድመው በአንድ ልክ ተሠርተው ይቀርባሉ፤ ሐኪሙም እነዚህን እየገጣጠመ ለሕመምተኛው የሚስማማውን ያዘጋጃል። ይህን ሐሳብ በ1887 በዋሺንግተን ከተማ በተደረገው ዘጠነኛው ዓለም አቀፍ የሕክምና ጉባኤ ላይ አቀረበ። አቀራረቡ ድፍረት የተመላበት ስለ ነበር ከአንጋፋዎቹ ብርቱ ተቃውሞ ገጠመው። የሥርዓቱ መግለጫ ግን በዚያው ዓመት ታትሞ ወጣ፤ እየታረመና እየሰፋም በ1907 ለሰባተኛ ጊዜ እስከ መታተም ደረሰ።

መንጋጋ እንዴት እንደሚሠራ

የአንግልን ቀጣይ ሥራ ለመረዳት በመጀመሪያ የመንጋጋን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። የላይኛው መንጋጋ ከራስ ቅል ጋር የተዋሐደ በመሆኑ ለብቻው አይንቀሳቀስም፤ የሚንቀሳቀሰው የታችኛው ብቻ ነው። እህል ሲፈጭ ወፍጮው ባለበት ጸንቶ መጁ እንደሚመላለስ ሁሉ፣ በአፍም ውስጥ አንዱ ጸንቶ ሌላው ይሠራል፤ ልዩነቱ በአፍ ውስጥ የሚጸናው የላይኛው፣ የሚመላለሰው የታችኛው መሆኑ ነው።

የታችኛው መንጋጋ እንደ ፈረስ ጫማ የታጠፈ አንድ አጥንት ሲሆን ሁለቱ ጫፎቹ ከጆሮዎች ፊት ባሉ መጋጠሚያዎች ከራስ ቅል ጋር ይገናኛሉ። አንባቢ ሁለቱን ጠቋሚ ጣቶቹን ከጆሮዎቹ ፊት አድርጎ አፉን ቀስ እያለ ቢከፍት የዚህን መጋጠሚያ ጠባይ በራሱ ላይ ማረጋገጥ ይችላል። የፊት ጥርሶች ከ20 እስከ 25 ሚሊ ሜትር ያህል እስኪራራቁ ድረስ የአጥንቱ ራስ በአመዛኙ በቦታው ሆኖ ይዞራል። ከዚያ በላይ ሲከፈት ግን ከጉድጓዱ ወጥቶ ወደ ፊትና ወደ ታች ሲንሸራተት በጣት ይታወቃል። ለአካለ መጠን የደረሰ ጤነኛ ሰው አፉን በሙሉ ሲከፍት በፊት ጥርሶቹ መካከል 40 ሚሊ ሜትርና ከዚያም በላይ ክፍተት ይገኛል። እንግዲህ የመንጋጋ መጋጠሚያ እንደ በር ማጠፊያ በአንድ ቋሚ ዘንግ ላይ ብቻ የሚዞር አይደለም፤ ማጠፊያም ተንሸራታችም ነው።

ወደ ጎን የሚደረገው እንቅስቃሴ ከዚህ ይበልጥ የረቀቀ ነው። አንድ ሰው በቀኝ በኩል ቆሎ ሲያኝክ የቀኙ መጋጠሚያ ራስ በቦታው ላይ ሲዞር የግራው ግን ወደ ፊት፣ ወደ ታችና ወደ ውስጥ ይሄዳል። ሁለቱ መጋጠሚያዎች የአንድ አጥንት ጫፎች ስለሆኑ በአንድ ቀንበር እንደ ተጠመዱ በሬዎች አንዱ ከሌላው ተለይቶ ሊሄድ አይችልም። እንግሊዛዊው የጥርስ ሐኪም ኖርማን ቤኔት በ1908 ባቀረበው ጥናት፣ በዚህ ጊዜ መንጋጋው በሙሉ በመጠኑ ወደሚያኝክበት ጎን እንደሚሸሽ አመለከተ፤ ይህ እንቅስቃሴ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ኃይሉ የሚመነጨው በጉንጭና በሰሌን ፊት ባለው ግንባር ጎን፣ እንዲሁም በመንጋጋው ውስጠኛ ገጽ ላይ ካሉት የማኘኪያ ጡንቻዎች ነው። መንጋጋ እንደ ማንሻ ሲታሰብ መደገፊያው መጋጠሚያው፣ ጭነቱ የሚነከሰው ነገር፣ ገፊው ኃይል ደግሞ በሁለቱ መካከል የሚሠራው ጡንቻ ነው። ስለሆነም ለመደገፊያው የሚቀርቡት የኋላ ጥርሶች ከፊተኞቹ የበለጠ ኃይል ያሳርፋሉ። ጠንካራ ነገር ሲያጋጥመን ሳናስበው ወደ ኋላ ጥርሶቻችን የምንገፋው በዚህ ምክንያት ነው። ጡንቻዎቹ ሲያርፉ ደግሞ ከንፈር ተገጥሞ እንኳን ጥርሶች አይነካኩም፤ በመካከላቸው ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር የሚሆን ክፍተት ይኖራል። ጥርስ ከጥርስ ጋር የሚገናኘው ከቀኑ በጥቂቱ ክፍል ብቻ ነው፤ ነገር ግን ያ ጥቂት ጊዜ በሥርዓት እንዲያልፍ የጉብታዎቹና የጎድጓዳዎቹ መዛመድ ወሳኝ ነው።

ይህን ሥርዓት በቁጥር ለመግለጽ ከአንግል በፊትም የሞከሩ ነበሩ። አሜሪካዊው ዊልያም ቦንዊል በ1850ዎቹ መጨረሻ የመንጋጋን እንቅስቃሴ የሚመስል መሣሪያ ሠራ። ሁለቱን መጋጠሚያዎችና የታችኛዎቹ መካከለኛ የፊት ጥርሶች የሚነካኩበትን ነጥብ የሚያገናኘው ሦስት ማዕዘን፣ እያንዳንዱ ጎኑ 4 ኢንች ወይም 10 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ እኩል ጎን ነው ብሎ አስተማረ። በኋላ እንደ ታወቀው ይህ ልክ ከሰው ሰው ስለሚለያይ አማካይ ግምት እንጂ ሕግ አይደለም። ጀርመናዊው የአካል ጥናት ሊቅ ፈርዲናንድ ፎን ሽፔ ደግሞ የኋላ ጥርሶች ገጽ ከጎን ሲታይ በቀጥታ መሥመር ላይ ሳይሆን በጎባጣ መሥመር ላይ እንደሚሰለፍ በ1890 አሳየ። የእነዚህ ጥናቶች ዋና ጥቅም በመጀመሪያ ለሰው ሠራሽ ጥርስ ሥራ ነበር። የተፈጥሮ ጥርሶች ሲገጥሙ ትክክል የሚባለው የትኛው ነው የሚለው ጥያቄ ግን ገና አጥጋቢ መልስ አላገኘም ነበር።

የ1899 ምደባ

አንግል መልሱን ያቀረበው በ1899 ነው። በሺሕ የሚቆጠሩ የጥርስ ቅጂዎች በጀሶ እየሠሩ ማወዳደር በዚያን ጊዜ የሙያው ልማድ ሆኖ ነበር፤ አንግልም ቅጂዎቹን ሲመረምር አንድ ቋሚ መነሻ ፈለገ። ቀያሽ መሬት ከመለካቱ በፊት የማይነቃነቅ ምልክት እንደሚተክል ሁሉ፣ እርሱም የላይኛውን የመጀመሪያ የመንጋጋ ጥርስ ምልክቱ አደረገ። ይህ ጥርስ በስድስት ዓመት ዕድሜ አካባቢ የሚወጣ፣ ከቋሚዎቹ ጥርሶች ሁሉ ቀዳሚ ከሆኑት አንዱና በግዝፈቱም የታወቀ ነው።

በትክክለኛ ግጥምጥሞሽ የዚህ ጥርስ የፊተኛው የውጭ ጉብታ በታችኛው የመጀመሪያ የመንጋጋ ጥርስ የውጭ ጎድጓዳ ውስጥ ያርፋል። ይህ ከሆነ የተቀሩት በቅደም ተከተል ይሰለፋሉ። ሠላሳ ሁለቱ ጥርሶች ሙሉ ሲሆኑ እያንዳንዱ ጥርስ ከተቃራኒው ረድፍ ሁለት ጥርሶችን ይገጥማል፤ ከዚህ ደንብ ውጪ ሆነው አንድ ብቻ የሚገጥማቸው የታችኛዎቹ መካከለኛ የፊት ጥርሶችና የላይኛዎቹ መጨረሻ የመንጋጋ ጥርሶች ናቸው። ግንበኛ ድንጋይ ሲደረድር የላይኛው ከታችኞቹ የሁለቱን መገናኛ እንዲሸፍን እንደሚያደርገው ማለት ነው።

ከዚህ መነሻ አንግል የግጥምጥሞሽን መዛባት በሦስት ክፍል መደበ። በአንደኛው ክፍል የመንጋጋ ጥርሶቹ ዝምድና ትክክል ሆኖ ሌሎቹ ጥርሶች ከመሥመር የወጡ ናቸው። በሁለተኛው ክፍል የታችኛው ረድፍ ከሚገባው በላይ ወደ ኋላ ቀርቷል። በሦስተኛው ክፍል የታችኛው ረድፍ ወደ ፊት ቀድሟል። ሁለተኛውን ክፍል፣ የላይኛዎቹ የፊት ጥርሶች ወደ ውጭ የወጡበትና ወደ ውስጥ የተጋደሙበት እያለ ለሁለት ከፈለው።

ይህ ምደባ ቀላል ይመስላል፤ ኃይሉም ያለው በቀላልነቱ ነው። ከዚያ በፊት አንዱ ሐኪም ስለ አንድ ሕመምተኛ ለሌላው ሲጽፍ የተጣመመውን ጥርስ ሁሉ እየዘረዘረ መግለጽ ነበረበት። ከዚያ በኋላ ግን የክፍሉን ቁጥር መጥራት በቂ ሆነ። የጥርስ ሕክምና ተማሪም የሕመምተኛውን አፍ ሲከፍት ዓይኑን መጀመሪያ ወዴት እንደሚያሳርፍ ዐወቀ።

ትምህርት ቤትና መሣሪያዎች

አንግል ጥርስ ማስተካከል ከአጠቃላይ የጥርስ ሕክምና ተለይቶ ራሱን የቻለ ሙያ መሆን አለበት የሚል ጽኑ እምነት ነበረው። በሚኒሶታ፣ በኋላም በቺካጎና በሴንት ሉዊስ ኮሌጆች እያስተማረ ለዚህ ትምህርት በቂ ሰዓት እንዲሰጠው ቢወተውትም አልተሳካለትም። በመጨረሻም ከኮሌጆቹ ተለይቶ በ1900 በሴንት ሉዊስ የራሱን ትምህርት ቤት ከፈተ፤ በዚያው ዓመትም የሙያው የመጀመሪያ ማኅበር ሲቋቋም ፕሬዚዳንቱ ሆነ። ተማሪዎቹ ከልዩ ልዩ አገሮች የሚመጡ የተመረቁ ሐኪሞች ነበሩ። ትምህርት ቤቱ ከሴንት ሉዊስ ወደ ኒው ዮርክ፣ ወደ ኮኔቲከት፣ በመጨረሻም ወደ ካሊፎርንያዋ ፓሳዲና ከመምህሩ ጋር ተዘዋወረ። በ1908 ያገባቸው ባለቤቱ አና ሆፕኪንስ፣ ቀድሞ ጸሐፊው የነበሩና በኋላ በጥርስ ሕክምና የተመረቁ ሲሆኑ በትምህርት ቤቱም በማኅበሩም ሥራ ዋና ረዳቱ ነበሩ።

በእነዚህ ዓመታት አንግል መሣሪያውን ደጋግሞ አሻሻለ። የመጀመሪያው መሣሪያ ከኋላ ጥርሶች ጋር በብሎንና በዳዶ የተያያዘ ወፍራም የሽቦ ቀስት ሲሆን የተዛነፉት ጥርሶች በቀጭን ሽቦ እየታሰሩ ወደ ቀስቱ ይሳቡ ነበር። ይህ መሣሪያ ጥርስን ያዘነብላል እንጂ ሥሩን አያንቀሳቅስም ነበር። የታጠረ እንጨት ጫፉን ቢስቡት ሥሩ በመሬት ውስጥ እንዳለ እንደሚጋደም ማለት ነው። ስለዚህ በ1910 ገደማ ከሽቦው ጋር የተበየዱ ጥቃቅን ምሰሶዎች በጥርሱ ላይ ባሉ ቱቦዎች ውስጥ የሚገቡበትን ሁለተኛ መሣሪያ ሠራ። ሥርን ማንቀሳቀስ ቻለ፤ ነገር ግን በየጊዜው ምሰሶዎቹን እየነቀሉ እንደ ገና መበየድ ስለሚያስፈልግ ከራሱና ከጥቂት ተማሪዎቹ በስተቀር ሊሠራበት የቻለ አልተገኘም። ሦስተኛው፣ በ1916 አካባቢ የወጣው ጥብጣብ መሰሉ ሽቦ፣ ለአያያዝ የቀለለ ቢሆንም ሥሩን በሁሉም አቅጣጫ መቆጣጠር አልቻለም።

አራተኛውና የመጨረሻው የብዙ ዓመት ልምዱ ፍሬ ነው። በእያንዳንዱ ጥርስ ላይ አግድም የተቀረጸ ጠባብ ቦይ ያለው መያዣ ይደረጋል። የቦዩ ስፋት 0.022 ኢንች፣ ጥልቀቱ 0.028 ኢንች ነው፤ ይህም በሚሊ ሜትር 0.56 እና 0.71 ይሆናል። በዚህ ቦይ ውስጥ አራት ማዕዘን ሽቦ በጠርዙ በኩል ይገባል። ክብ ሽቦ በቦይ ውስጥ ስለሚሽከረከር ጠምዝዞ ሊይዝ አይችልም፤ አራት ማዕዘኑ ሽቦ ግን በጥቂቱ ተጠምዝዞ ሲገባ ወደ ቀድሞ ቅርጹ ለመመለስ በሚያደርገው ትግል ጥርሱን ከነሥሩ ያዞረዋል። በዚህ ዓይነት ጥርስ በሦስቱም አቅጣጫዎች ባንድ መሣሪያ ሊታዘዝ ቻለ። አንግል ይህን ሥራውን ለሙያው በዝርዝር ያቀረበው በ1928፣ ሰባ ሦስት ዓመት በሞላው ጊዜ ነበር።

ያልተቀበለው ነገር

አንግል ከሁሉ አስበልጦ ያስተማረው አንድ ደንብ ነበር። ማናቸውም ሰው ሙሉ ጥርሶቹን በትክክለኛ ግጥምጥሞሽ ሊይዝ ይችላል፤ ስለዚህም ጥርስን ለማስተካከል ሲባል ጤነኛ ጥርስ መንቀል አይገባም የሚል ነው። ለዚህ እምነቱ ሁለት ድጋፎች ነበሩት።

የመጀመሪያው ድጋፍ፣ የሚገርመው፣ በከፊል ከእኛው ሙያ የመነጨ ነው። በ1860ዎቹ የዙሪኩ መሐንዲስ ካርል ኩልማን የጭን አጥንት ራስ በተሰነጠቀ ጊዜ በውስጡ የሚታዩት ቀጫጭን ወጋግራዎች እርሱ ለክሬን ሥራ ከሚነድፋቸው የውጥረት መሥመሮች ጋር እንደሚመሳሰሉ አስተዋለ። ከዚህ ተነሥቶ ጀርመናዊው ሐኪም ዩልዩስ ቮልፍ በ1892 አጥንት በሚሸከመው ጭነት መጠን ራሱን እየለወጠ ይሠራል የሚለውን ሕግ አወጣ። አንግልም ጥርሶቹ በትክክል ተገጥመው ሥራቸውን ከጀመሩ የመንጋጋው አጥንት ራሱ እየሰፋ ቦታ ይሰጣቸዋል፤ ጥርሶቹም ባሉበት ይጸናሉ ሲል ደመደመ። ሁለተኛው ድጋፍ የመልክ ጉዳይ ነበር። ቀድሞ የአፖሎን ጥንታዊ ሐውልት የውበት አብነት አድርጎ ያይ የነበረው አንግል፣ ከሠዓሊው ኤድመንድ ቨርፐል ጋር ከተወያየ በኋላ ውበት እንደየፊቱ የሚለያይ መሆኑን ተቀበለ፤ ነገር ግን ለማንኛውም ፊት የሚበጀው የሙሉ ጥርስ ግጥምጥሞሽ ነው ከሚለው ንቅንቅ አላለም።

በዘመኑ ይህን የተቃወመው ሐኪም የቺካጎው ካልቪን ኬዝ ነበር። ኬዝ ጥርስ ሁልጊዜ ይነቀል አላለም፤ መንጋጋቸው ከጥርሶቻቸው ጋር የማይመጣጠን ሰዎች ስላሉ በእነርሱ ላይ የተወሰኑ ጥርሶችን መንቀል ተገቢ ሊሆን ይችላል ነው ያለው። በ1911 በሙያው ማኅበር ስብሰባ ላይ በተደረገው ክርክር ኬዝ ማስረጃዎቹን ቢያቀርብም የአንግል ወገን አመዛኝ ሆነ። ኬዝ በ1923 ሲሞት ሐሳቡ ገና ተቀባይ አላገኘም ነበር። አንግል በዚህ ጉዳይ ከእርሱ የተለየ ሐሳብ የሚይዙትን፣ የገዛ ተማሪዎቹን ጭምር፣ በቀላሉ አይታገሥም ነበር። ምደባውን ሲያወጣ ጥርስን እየለካ ሐሳቡን የሠራው ሰው፣ ደንቡን ካወጣ በኋላ የታከሙት ልጆች ከዓመታት በኋላ ምን እንደሆኑ እያሳየ የሚከራከረውን ሰው ለማድመጥ አልፈቀደም።

ኦገስት 11 ቀን 1930 አንግል በሳንታ ሞኒካ፣ ካሊፎርንያ፣ በሰባ አምስት ዓመቱ ዐረፈ። በስሙ የተሰየመውና ደቀ መዛሙርቱ ያቋቋሙት መጽሔት በ1931 መውጣት ጀመረ።

ከሞቱ በኋላ

የመምህሩን ደንብ የመረመሩት ሌሎች ሳይሆኑ የገዛ ተማሪዎቹ ናቸው። ሆሊ ብሮድበንት በ1931 የራስ ቅልን ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት አቀማመጥ ይዞ በኤክስ ሬይ የሚያነሣ መሣሪያ ሥራ ላይ አዋለ። በዚህ መሣሪያ ሲታይ፣ በጀሶ ቅጂ ላይ ተመሳሳይ የሚመስሉ ሁለት ሕመምተኞች አንዱ የጥርስ፣ ሌላው ግን የመንጋጋ አጥንት መዛባት ያለበት ሊሆን እንደሚችል ተገለጠ። የጀሶው ቅጂ የጥርስን ዝምድና እንጂ የአጥንትን ዝምድና አይናገርም ነበርና።

ከሁሉ ይልቅ ከባድ የሆነው ምስክርነት የመጣው በመጨረሻ ዓመታቱ ከአንግል ጋር ከሠራው ከቻርልስ ትዊድ ነው። ትዊድ በአሪዞና፣ ቱሳን ከተማ፣ የመምህሩን መሣሪያና ደንብ ሳያጓድል ለዓመታት ሠራ። ከዚያም የታከሙትን ሕመምተኞቹን መልሶ ሲመረምር ብዙዎቹ አፋቸው ወደ ፊት የተገፋ፣ ጥርሶቻቸውም ወደ ቀድሞ መዛነፋቸው የሚመለሱ ሆነው አገኛቸው። አራት ጥርሶች፣ ማለት ከክራንቻ ቀጥሎ ካሉት ከየጎኑ አንዳንድ ጥርስ እየነቀለ፣ ደግሞ አከማቸው፤ የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን ውጤት ጎን ለጎን አድርጎም በ1940 ገደማ ለባልደረቦቹ አሳየ። በአውስትራሊያ የአንግል ተማሪ የነበረው ሬይመንድ ቤግም በራሱ መንገድ ከተመሳሳይ መደምደሚያ ደርሶ ነበር። ሁለቱም ደንቡን ሲተዉ የመምህሩን መሣሪያ ግን አልጣሉም፤ ትዊድ በአራተኛው፣ ቤግ በሦስተኛው ላይ ተመሥርተው ሥራቸውን ቀጠሉ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ከትዊድ በኋላ ደግሞ መንቀል ከሚገባው በላይ በዛ፤ አንዱ ጥብቅ ደንብ በሌላ ጥብቅ ደንብ የተተካ እስኪመስል ድረስ ደረሰ። በዛሬው ሙያ ውሳኔው የሚሰጠው የእያንዳንዱ ሕመምተኛ አጥንት፣ ጥርስና ፊት ተመዝኖ ነው። የመንጋጋ እንቅስቃሴም በቅጂ ላይ ከተዘጋ አፍ ይልቅ በሰፊው ተጠንቷል። ስዊድናዊው ኡልፍ ፖሰልት በ1952 የታችኛው መንጋጋ ሊደርስባቸው የሚችላቸውን ወሰኖች ሁሉ በሥዕል አሳየ። በ1972 ደግሞ አሜሪካዊው ሎረንስ አንድሩስ ሳይታከሙ ጥርሳቸው በተፈጥሮ ያማረ የ120 ሰዎችን ቅጂ መርምሮ የመልካም ግጥምጥሞሽ ስድስት ምልክቶችን ዘረዘረ፤ ከስድስቱ የመጀመሪያው የመጀመሪያዎቹ የመንጋጋ ጥርሶች ዝምድና ነበር። አንግል ሰባ ሦስት ዓመት አስቀድሞ የተከለው ምልክት፣ ጥቂት ተጨምሮበት፣ በቦታው ተገኘ ማለት ነው።

ዛሬ በማናቸውም አገር ያለ የጥርስ ሕክምና ተማሪ የሕመምተኛውን መዝገብ ሲሞላ የአንግልን ክፍል ይጽፋል። ቦዩ 0.022 ኢንች የሆነ መያዣም እስከ ዛሬ በገበያ ላይ አለ። የወደቀው ደንቡ ብቻ ነው። ምደባውና መሣሪያው የቆዩት ሌሎች በሥራ ላይ እያዋሉ ሊፈትኗቸው ስለ ቻሉ ነው፤ ደንቡን ግን ባለቤቱ ከፈተና ስለ ከለከለው ሲፈተን አንድ ትውልድ ዘግይቶ፣ ዋጋውንም ዳግመኛ የታከሙት ሕመምተኞች ከፍለው ነበር።

እኛም በየመሥሪያ ቤቱ ደረጃ እናወጣለን፤ በወጣ ደረጃም ድልድይ፣ መንገድና መኪና እንመዝናለን። ያለ ደረጃ መሥራት አንግል ወደ ሙያው ሲገባ እንደ ነበረው እያንዳንዱ በየፊናው መድከም ነው። ነገር ግን ደረጃውን ስናወጣ፣ ከተሠራው ነገር ዘንድ ከዓመታት በኋላ ተመልሶ የሚያይና ያየውንም ያለ ፍርሃት የሚናገር ባልደረባ አብረን ማዘጋጀት ይኖርብናል። ኬዝ በ1911 የጠየቀው ይህን ነበር።